አምስት ደቂቃ ለአዴ ጫልቱ

ፕሮግራመር ሁሉ ሰላምታ አያውቅም! ኧረ አትቆጡ፣ እኔም ፕሮግራመር ነኝ።

ነቀምቴ የመጣሁት ባለቤቴ መምህርት ሆና ስለተመደበች ነው። እሷ ስታስተምር እኔ ቤት ሽንኩርት ስልጥ ከረምኩ። በኋላ ባኬ ጃማ ሰፈር ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍሉን ሥራ ወደ ኮምፒውተር እንዳዛውርለት ከእኔ ጋር ተዋዋለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ፕሮግራሙን በጃቫ ሠራሁት።

በጃቫ የተሠራ ድረ ገጽ አንዲት ፋይል አለችው፤ ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል ትባላለች። የሠርግ ቤት አጋፋሪ በሏት። ሰርቨሩ ፕሮግራሙን ሲያስነሳ እሷን አንብቦ ይታዘዛል... ማን ይግባ፣ ማን ደጅ ይቅር፣ ለእንግዳ መጀመሪያ የትኛው ገጽ ይቅረብለት፣ ሳይሠራ የተቀመጠስ ከስንት ደቂቃ በኋላ ይባረር። ለዚህ ለመጨረሻው «አምስት» ብዬ ጻፍኩ። የሕመምተኛ ምስጢር ነዋ! በጥንቃቄዬ ራሴን አደነቅኩ።

ሥራ በተጀመረበት ቀን ረፋዱ ላይ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ አዴ ጫልቱ ደወሉልኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገርህ አባረረኝ።»

«ምን አድርገውት?»

«ምንም። ስም ጽፌ ቀና ከማለቴ ዘጋብኝ። የጻፍኩትንም በላው።»

መብራቱን ከሰስኩ። መብራት አለ። ኔትወርኩን ከሰስኩ። እሱም፣ ለጉድ፣ አለ! ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከጉቶ ጊዳ የመጡ ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ አዛውንት እያሳሉ ገቡ። አዴ ጫልቱ ስማቸውን ጻፉና እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሱ።

«አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ ዲንቃ?» እንዴት አደሩ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ነጋ።» ሰላም ነው፣ ሰላም።

«ማቲን ነጋ?»

ቤተሰቡ አንድ በአንድ፣ በየስሙ ተጠየቀ። ልጆቹ ሲያበቁ ለከብቶቹ ተራ ደረሳቸው። ታማ የነበረችው ላም ተሽሏት እንደሆነ... በቆሎው... ዝናቡ... አዴ ጫልቱ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሰው «መዝግብ» የሚለውን ተጫኑ።

«ጊዜዎ አልቋል። እንደገና ይግቡ።»

«አዴ ጫልቱ፣ ሰላምታውን ትንሽ ቢያሳጥሩትስ?» አልኩ።

«ሰውዬው ታሞ መጥቶ ስለ ላሙ ካልጠየቅኩት መቼ ልጠይቀው? ሲሞት?»

«ሲስተሙ አይፈቅድም።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ማለት ይሄው ነው! ሲስተሙ እኔ ነኝ እኮ።

በማግስቱ እሺ አሉ። ለመጣው ሁሉ «ስም?» ብቻ። ኮምፒውተሩ ማንንም ሳያባርር አረፈደ። ወረፋው ግን መንሾካሾክ ጀመረ። «ምነው፣ ማን ሞቶባት ነው?» አሉ አንዲት እናት። ኦቦ ዲንቃ መርፌያቸውን ሊወጉ ተመልሰው መጡና እሳቸውም «ስም?» ተባሉ። ትናንት ላማቸውን የጠየቀች ሴት ዛሬ ስማቸውን ረሳችው! ጋቢያቸውን ሰብስበው ሳይታከሙ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ግን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ እርጥብ ሣር ጨብጠው ከች አሉ። በድለናት እንደሆነ ይቅር ትበለን ነው ነገሩ።

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ኦቦ ገመቹ አስጠሩኝ።

«ካርድ ክፍል ውስጥ ሽምግልና የተቀመጠው በማን ምክንያት ነው?»

«በሲስተሙ።»

«ነገ ገበያ ነው። ነገም ሰው ተቀይሞ ከወጣ ሲስተምህን ይዘህ ትወጣለህ። ውሉም አበቃ።»

ሽንኩርቱ ገና ሳይላጥ ዓይኔ አነባ።

ያን ጊዜ ነው ፋይሏን የከፈትኩት። አንድ ቁጥር እኮ ናት! ሳይቸግር ጤፍ ብድር። አምስቱን ሠላሳ አደረግኩና ሰርቨሩን አስነሳሁ። ምስጢሩስ አትሉኝም? አዴ ጫልቱ ከወንበራቸው ሲነሱ በሩን ቆልፈው ነው የሚሄዱት፤ ሲቀመጡ ደግሞ እሳቸውን አልፎ ኪቦርዱ ጋ የሚደርስ አልተወለደም።

በገበያው ቀን ኦቦ ገመቹ ከአዴ ጫልቱ ኋላ ቆሙ። እኔ ከኦቦ ገመቹ ኋላ። ኦቦ ዲንቃ ገቡ። አዴ ጫልቱ ስማቸውን ጽፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጠይቅ?»

«ይጠይቁ» አልኩ።

ቤተሰቡ ተጠየቀ። ላሟ ተጠየቀች፤ ተሽሏታል። በቆሎው፣ ዝናቡ... በዚህ ላይ የትናንቱ ቅያሜ ተጨመረበትና እሱም ከሥሩ ተወራ። ደቂቃውን በጣቴ ቆጠርኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ሁሉም አልቆ ተገላገልን ስል ኦቦ ዲንቃ በከዘራቸው ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ።

«እሱስ? ነጋ?»

አዴ ጫልቱ «መዝግብ»ን ተጫኑ። ተመዘገበ።

«ነጋ» አሉ።

ኦቦ ገመቹ የሚቀጥለውን ሕመምተኛ በእጃቸው ጠርተው ወጡ። ይህ በሳቸው ቋንቋ ውሉ ቀጥሏል ማለት ነው።

በዚያች ፋይል ውስጥ ሰርቨሩ የማያነበው፣ ለሚቀጥለው ባለሙያ ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ ይፈቀዳል። ከቁጥሯ በላይ ባለው መስመር እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ይህን ቁጥር ከመቀነስህ በፊት ላሟ እንዴት እንዳደረች ጠይቅ።»