ዘፋኟን የፈተሽሁ ዕለት

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል» ማለት ያበዛ ነበር። እኔ ግን ተረቱ ትንሽ የሚጎድለው ይመስለኛል። ያልሰማ ጆሮማ ምን አለበት፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አገር የሚያተራምሰው ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ከራሱ የሚሞላው ጆሮ ነው። ይህን የምላችሁ ሰው ላማ ብዬ አይደለም፤ የማወራው ስለ ሁለቱ የራሴ ጆሮዎች ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ አዳራሽ ዘበኛ ነኝ። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ ወደ እርሻ የተመለስሁ ሰው ስለሆንሁ የዘመኑን ዘፈን አላውቅም፤ ላውቅም አልፈልግም ነበር። የአንዲት የቡሬ ልጅ ዘፈን ግን ሳልፈልገው መጣብኝ። ልጅቱ ዘፋኝ እሆናለሁ ብላ ከቡሬ ስትወጣ ሰው ስቆባት ነበር አሉ። ስሟ ከገነነ በኋላ ታዲያ ከዘፈኗ ተቆርጦ እንዲህ የሚል በየስልኩ ይዞር ጀመር፦

ጠብቂኝ አገሬ ስለት ይዣለሁ፣
ያን ቀን የማልሁትን ዛሬ እፈጽማለሁ።

ስለት ይዣለሁ! ተስቆባት የሄደች፣ የማለች፣ ስለት ይዛ የምትመለስ ሴት ምን ልታደርግ ነው? ገበያው በአንድ ድምፅ ፈረደ፤ ካራ ነው። ከፈራጆቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። እንዲያውም ሰንበቴ ላይ ጠላዬን ይዤ «ምን ዘመን መጣ፣ በዘፈን ይዛትብን ጀመር!» ብዬ ራሴን የነቀነቅሁት ከሁሉ ቀድሜ ነው። ቡሬ ያሉት እናቷ እንኳ የጎረቤቱ ሽሙጥ ሲበዛባቸው «እኔ ስለታም ልጅ አልወለድሁም» ብለው ስልኳን ማንሣት ተዉ ተባለ።

ይህችው ልጅ ቅዳሜ በእኛ አዳራሽ ልትዘፍን፣ ለልምምድ ረቡዕ መጣች። ከአዲስ አበባ ካሜራ የተሸከመ ሰው አስከትላለች፤ ልምምዷን እየቀረጸ ስለ እሷ ፊልም ይሠራል። እኔም የአገር ደኅንነት በእኔ ጫንቃ ላይ መውደቁን አውቄ በሩ ላይ አስቆምኋትና ቦርሳዋን ፈተሽሁ። ማበጠሪያ፣ መስታወት፣ መሐረብ፤ በመጨረሻ የጥፍር ሞረድ! በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍሁበት። ልጅቱ ሳቋን ይዛ «አባባ፣ ስወጣ ይመልሱልኛል?» አለችኝ። ካሜራ ያዡ ጭራሽ ድጋሚ ይፈትሿት፣ ናቹራል ይሁኑ አለኝ። ናቹራል ማለት እንደ ወትሮ መሆን ነው አሉ። ወትሮ ዘፋኝ ፈትሼ አውቃለሁ እንዴ?

ልምምድ ለእኔ መዝፈን መስሎኝ ነበር። ለካ አንዷን መስመር እስክትሰለች መመላለስ ነው! የኔታም ዳዊት ሲያስጠኑን እንዲህ ነበሩ፤ አንዲት ቃል ብትሰበር ከራስ ያስጀምሩናል። የእሷ የከፋው፣ የኔታም ተማሪም ራሷ ናት። ከቀትር በኋላ መሣሪያውን ሁሉ ዝም አሰኝታ ያቺን ዘፈን ለብቻዋ አዜመችው። ስልኩ ላይ ለካ ተከታዩ ተቆርጦ ኖሯል፦

ከአልጋ ተነሥታልኝ እናቴ በእግሯ፣
ጃንጥላ ላስገባ መጣሁኝ ከደብሯ።

የበሩን ቁልፍ እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። ስለት! ለታቦት የሚገባው ስለት! እኔ፣ በሬዬ ከበሽታ ቢተርፍልኝ ብዬ ጃንጥላ ያስገባሁት ሰው፣ ቃሉን ከዘፋኝ አፍ ስሰማው ካራ አደረግሁት። በቅኔ አገር ተወልዶ ሰሙንም ካራ፣ ወርቁንም ካራ! ዘፈንና ስለት ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ ብቻ፤ እሱን ለንስሐ አባቷ ትቼዋለሁ።

ሞረዱን መልሼ ይቅርታ ስጠይቃት፣ ለእኔ ግድ የለም፣ እናቴ ብቻ ቅዳሜ በመጣችልኝ አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ካሜራ ያዡም ስሕተቴን ራሴ ካሜራው ፊት ተናግሬ ቅጂው በስልክ ወደ ቡሬ ይሂድ ብሎ ለመነኝ። እስቲ ፍረዱ፤ እንኳን የሰንበቴ ማኅበርተኞቼ፣ ፈረስ ቤት ከተማ ያለው ዘመዴ ሁሉ ሊስቅብኝ አይደለም? ዞር ብዬ ጥቂት ጸለይሁ። ጸሎቴም «ጌታ ሆይ፣ ሌላ ሰው ፈልግላቸው» የሚል ነበር። አልተሰማልኝም። ቆቤን አውልቄ፣ ካራ አይደለም፣ ስለ እናቷ የተሳለችው ስለት ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልሁ። ሰውየው አሁንም ድጋሚ ይበሉት አይለኝም? ኑዛዜ ድጋሚ የለውም ብዬው ሄድሁ።

ቅዳሜ ሰው በሩ ላይ እንደ ንብ ሰፈረ። ስልኩ ሥራውን ሠርቷል፤ ግማሹ ዘፈን ሊሰማ፣ ግማሹ እኔን ሊያይ ነው የመጣው። ልጅቱ መጋረጃውን እየገለጠች ወደ በሩ ትመለከታለች፤ እናቷ የሉም። ሊጀመር ሲል የማላውቃቸው አንዲት ባልቴት ምርኩዝ ይዘው ቀስ እያሉ ደረሱ። ሥራ ሥራ ነውና ዘንቢላቸውን ልፈትሽ እጄን ሰደድሁ። ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፦

«እኔን ፈትሸው ምን ያገኛሉ፣ አያ ዘበኛ? ስለቱ ያለው ከልጄ ዘንድ ነው።»