ነፋስ ፈሪው አያ እንኳየሁ

በየሰፈሩ ጦር የማይፈራ፣ ጅብ የማይፈራ፣ በመስኮት የሚገባ ነፋስ ግን እንደ ሞት የሚፈራ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የጎንደሩ የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ክቡር አያ እንኳየሁ ናቸው። በሚያዝያ ሐሩር ሹራብ ላይ ኮት፣ ኮት ላይ ጋቢ ደርበው «ዝጋው፣ ነፋስ ገባ» ይላሉ። እገሌ ሞተ ሲባሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በር ሥር ተቀምጦ ነበር ወይ?

እኚህን ሰው ጣሊያን ጥሏት በሄደ፣ ሁለት ሰው ብቻ በምትይዝ፣ ጣራ በሌላት አሮጌ የውድድር መኪና መጫን የኔ ዕጣ ሆነ። የኮላ ድባው ግራዝማች የሻው፣ ልጃቸውን ጽጌሬዳን ለኔ ስለ መስጠት ከአያ እንኳየሁ አፍ ካልሆነ አልሰማም ብለዋል። ሽማግሌ ደግሞ በማለዳ ካልደረሰ ከሽማግሌ አይቆጠርም።

ሁለት እሑድ ሞከርን። ሁለቱንም ጊዜ አዘዞን እንዳለፍን መኪናዋ ፈላች፤ እስክትበርድ ረፈደና አፍረን ተመለስን። የሚገርመው፣ ብቻዬን ስነዳት ዳገት ቁልቁለቱን ወጥታ ወርዳ ምንም አትል። መካኒኩ ባዬ የማራገቢያውን ቺንጋ ለወጠ፣ ራዲያተሩን አጠበ፣ ፓምፑን ፈታ ገጠመ። በመጨረሻ እጁን ጠርጎ፣ ማኪናዋ ሸጋ ናት፤ ጠበል የሚያስፈልገውስ አንተን ነው አለኝ። ግራዝማች በበኩላቸው ሦስተኛው እሑድ ካለፈ ልጅቱን ለሳንጃው ሰሊጥ ነጋዴ እንደሚድሩ ላኩብኝ።

በሦስተኛውም እሑድ ፈላች። ሌላ ጊዜ አያ እንኳየሁ ቀድመውኝ ወርደው አፍንጫዋን እያሻሹ «አይዞሽ» ይሏት ነበር። የዚያን ቀን ግን ሌሊቱን የሽምግልና ንግግራቸውን ሲያጠኑ አድረው ኖሮ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ወርጄ ባይ፣ ከፊተኛው ፍርግርግ ኋላ፣ ነፋስ ገብቶ ራዲያተሩን በሚያበርድበት ቦታ፣ የሳቸው ወፍራም የሱፍ የአንገት ልብስ ተወትፏል። ለካ እኔ እናቴን ስሰናበት እየወተፉ፣ ስንቆም ደግሞ እየመዘዙ ኖሯል!

አሁን የፈላው የኔ ደም ነው። ቀሰቀስኳቸው። «ምነው አያ? ትዳሬን እኮ አንቀው ሊገድሉት ነው።»

ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ አንገትህን ሸፍን ብልህ ሳቅህብኝ። እሷ እንኳ በላቧ ነፋስ እንዳይመታት ብዬ ነው። ጤና ሆና ካላደረሰችህ ማን ያደርስሃል?»

የአንገት ልብሱን መዝዤ አንገታቸው ላይ ጠመጠምኩላቸውና፣ እንደበረደች ነዳሁ። በሌሊት ተነስተን ነበርና፣ ዳግመኛ ሳትፈላ፣ ቅዳሴ እንደወጣ ኮላ ድባ ገባን።

አጥር ሥር ቆሜ ሰማኋቸው። ግራዝማች፣ ይህ ልጅ ለመሆኑ ምን አለው ብለው ጠየቁ። አያ እንኳየሁ ያን ሌሊቱን ሙሉ ያጠኑትን ንግግር ረስተውታል። «እኔ ልጅ አልወለድሁም» አሉ፤ «ብወልድ ግን እሱን ነበር።» ጽጌሬዳ ተፈቀደችልኝ።

ስንመለስ ከፈረስ የምትሮጠውን መኪና በበቅሎ ርምጃ ነዳኋት። ከገበያ የሚመለሱ አህያ ነጂዎች እየሳቁብን አለፉ። ይሳቁ፤ አያ እንኳየሁ አጠገቤ ተኝተዋል፣ እኔ እሳቸውን ነፋስ አላስመታም።