ለማክሰኞ የተገዛ መጋዝ

ሰው ዕቃ ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲገዛ አላልኩም፤ ሲመርጥ። መግዛትማ ምን አለው፤ ካርድ አውጥቶ መክፈል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጸጸት ብቻ ነው። መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው በሚመርጥበት ሰሞን ወጣት ይሆናል፤ እንቅልፉ ይቀንሳል፤ የማያውቀውን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ያማክራል፤ ስለ ሞተር ጉልበትና ስለ ክብደት የሚያወራበትን አፍ ከየት እንዳመጣው ለራሱም ይገርመዋል። በተለይ ዕቃው ሞተር ያለው ከሆነ፣ በተለይ መራጮቹ ወንዶች ከሆኑ፣ በዚያ ላይ ሐበሾች ከሆኑ፣ ነገሩ የዕቃ ምርጫ መሆኑ ይቀርና መንግሥት ምሥረታ ይመስላል። እኔ የምተዳደረው የሰው መኪና ፓርክ በማድረግ ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ቆሜ ቁልፍ እቀበላለሁ። ስለዚህ ወንድ ልጅ ማሽን የሚመርጠው በምኑ እንደሆነ ጠይቁኝ። በጆሮው ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ አንድ መጋዝ ላወጋችሁ ፈልጌ ነው። የእንጨት መጋዝ፤ ያውም በሞተር የሚሠራ፤ ያውም ላስ ቬጋስ። «እዚያ በረሃ ላይ ምን ዛፍ አለና ነው መጋዝ የሚገዛው?» ብላችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። እዚሁ ለዓመታት የኖሩ፣ ከሰንራይዝ ማነር ሰፈራቸው ወደ ካዚኖ፣ ከካዚኖ ወደ ሰንራይዝ ማነር ብቻ የሚመላለሱ ወገኖቻችንም ስቀውብናል። ግን መኪናችሁን አስነሥታችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብትነዱ፣ የከፈታችሁት ሲዲ ሳያልቅ ቻርልስተን የሚባለው ተራራ ላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ ጥድ አለ። በክረምት በረዶ አለ። ከተማ ውስጥ አስፋልት የሚያቀልጠው ፀሐይ እዚያ ላይ ሹራብ ያስለብሳል። መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ጮኬያለሁ፤ ሰው ሰምቶኝም አላፈርኩም።

ወደ መጋዙ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ማክሰኞ ልንገራችሁ። በዚህ ከተማ ሥራ ቀንም ሌሊትም ስለማይቆም፣ የአንዱ ሺፍት ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል። ባልና ሚስት ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ብቻ የሚገናኙበት ቤት አውቃለሁ። ጓደኛሞች አንድ ዓይነት የዕረፍት ቀን ማግኘታቸው እንደ ሎተሪ የሚቆጠር ነው። እኛ ያንን ሎተሪ ከስንት ዓመት ልመናና የሺፍት ልውውጥ በኋላ አገኘነው። ማክሰኞ የእኛ ሆነ።

እኛ ስል አራት ነን። ከድር የደሴ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፤ ሲስቅ የመኪናው መስኮት ይንቀጠቀጣል። ታደሰ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ካዚኖ ውስጥ ካርድ ያድላል፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ቀስ ብሎ ያኝካል፣ ቀስ ብሎም ይቀየማል። ጋሽ መኮንን የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ ከሆቴል ወጥ ቤት ጡረታ ወጥተው ዊትኒ ሰፈር ይኖራሉ፤ ስኳር ስላለባቸው ሐኪማቸው «ይራመዱ» ብሏቸዋል። አራተኛው እኔ ዳዊት ነኝ። በየማክሰኞው በአንድ መኪና ተራራው ላይ እንወጣለን፣ አንዱን የእግር መንገድ ይዘን በጋሽ መኮንን እርምጃ እንራመዳለን፣ ምሳ እንበላለን፣ እንወርዳለን። ምሳው ሁልጊዜ ዓሣ ነው። ከድር ሙስሊም፣ ታደሰ ክርስቲያን ስለሆነ ሥጋቸው አይገናኝም፤ ስለዚህ ጋሽ መኮንን ቱና በዳቦ ያዘጋጃሉ፤ ቃሪያው አፍ ያቃጥላል። ከዚያ የበለጠ ምሳ በሆቴላችን ቡፌ አልቀመስኩም።

ታዲያ በረዶው ቀልጦ መንገዱ እንደተከፈተ፣ አንድ ማክሰኞ ብንወጣ ትልቅ ጥድ ተገንድሶ መንገዱን ዘግቶታል። በላዩ እንዳይሻገሩት ከወገብ በላይ ነው። በሥሩ እንዳይሾልኩ ቅርንጫፉ አያሳልፍም። በጎን እንዳይዞሩት አንዱ ወገን ገደል፣ ሌላው ወገን አቀበት ነው። እኛ ሦስታችን እንደምንም ዘለልነው። ጋሽ መኮንን አንድ እግራቸውን አነሡ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ከዚያ በትራቸውን ግንዱ ላይ ደገፍ አደረጉና «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ ልጠብቃችሁ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። ተመልሰን ተሻገርንና ምሳችንን መኪና ውስጥ በላን። ከድር ዳቦውን ሳይጨርስ «እንቆርጠዋለን!» አለ።

ወይ ደስታ! ያን ሰሞን የነበረውን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። የምንገዛው መጋዝ ጠላት የሚመክት ይመስል አገር አማከርን። ከድር አየር ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ላይ ስብሰባ ከፈተ። ታደሰ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጠየቀ። እኔ ምግብ ቤት ጠየቅሁ። አንዱ አጎቱ ጅማ የእንጨት መሰንጠቂያ ስለነበራቸው በውርስ ባለሙያ ነኝ አለ። አንዷ «ኤሌክትሪኩን ግዙ፣ አይጮህም» አለችን፤ ተራራው ላይ ሶኬት የለም ስንላት «ገመድ ይቀጠላላ!» ብላ ተቆጣች። ሁሉም ያውቃል፤ አንዱም ቆርጦ አያውቅም።

መደብሩ ውስጥ መጋዞቹ በግድግዳ ላይ ከትንሽ እስከ ትልቅ ተደርድረዋል። ከድር በቀጥታ ወደ ትልቁ ሄደ። አውርዶ በሁለት እጁ ሲይዘው ፊቱ በራ። «ግንዱ ወፍራም ነው፤ ብረቱ በአንዴ ከዳር እስከ ዳር መድረስ አለበት፤ አለቀ!» አለ። ታደሰ ደግሞ ትንሹን በአንድ እጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝናል። «ብረቱ ለምን ይረዝማል? ከዚህ ወገን ትቆርጣለህ፣ ዞረህ ከዚያ ወገን ትቆርጣለህ። ያን ብረት ተሸክሞ አቀበት የሚወጣው ማነው? ደግሞ ጫፉ እንጨት ከነካ ተመልሶ ፊትህ ላይ ነው የሚዘለው» አለ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ሁለቱም ደግሞ በሕይወታቸው የሞተር መጋዝ አስነሥተው አያውቁም። ይህ ግን ክርክሩን አላቀዘቀዘውም።

ክርክሩ ከመደብሩ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ስልክ ገባ። መጀመሪያ ስለ መጋዝ ነበር። በኋላ ታደሰ «አንተ ድሮም የምትወደው ጩኸት ነው» አለው። ከድርም ዝም አላለም፤ «አንተ ደግሞ ካርድ ስታድል እጅህ ሟሟ፤ ከባድ ነገር ትፈራለህ» አለው። ስልኩ ተዘጋ። ለማክሰኞ ከድር ኦቨርታይም ገባ፤ ታደሰ ራሴን አሞኛል አለ። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ከዚያ ታደሰ ደወለልኝና «የኦፍ ቀን መቀየሪያ ጊዜ ደርሷል፤ ወደ ሐሙስ ስዊች ላደርግ ነው» አለኝ።  በእነሱ መሥሪያ ቤት አንዴ ሐሙስን ከያዘ፣ ዓመት ሙሉ ማክሰኞ የለም ማለት ነው። ጋሽ መኮንን ከማን ጋር ሊራመዱ ነው? እኔስ ማክሰኞ ምን ላደርግ ነው? አፓርታማዬ ውስጥ ተቀምጬ የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ላዳምጥ?

ምን ይደረጋል፤ ሽምግልና ተቀመጥን። ጋሽ መኮንን ዊትኒ ቤታቸው ጠርተው ሁለቱንም በየተራ ሰሙ። የማንንም ፊት ሳያዩ፣ አገጫቸውን እያሻሹ ፈረዱ። «ትልቁም ይቅር፤ ትንሹም ይቅር። መካከለኛውን ግዙ።»

እንግዲህ ሰው ማስታረቅና መጋዝ መምረጥ አንድ አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ሽማግሌ ሲናገር አፍ አይከፈትም። መካከለኛው ለከድር አጭር ነው፤ ለታደሰ ከባድ ነው። በሽምግልና የተገዛ መጋዝ ዓለም ላይ ካለ እሱ ብቻ ይመስለኛል። ሁለቱ ተነሥተው በሽማግሌው ፊት ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ውጭ ሲወጡ ግን ደህና ዋል ሳይባባሉ በየመኪናቸው ገቡ።

የቁርጡ ማክሰኞ በሁለት መኪና ወጣን። ይህ ራሱ ታይቶ አይታወቅም። ጋሽ መኮንን ከታደሰ ጋር፣ እኔና መጋዙ ከከድር ጋር ነን። መኪና ማቆሚያው ላይ የምሳ ዕቃቸውን ሲያወርዱ ደግሞ አንጀቴን የበላ ነገር አየሁ። ከድር የራሱን ሥጋ ጠብሶ መጥቷል። ታደሰም የራሱን። አብሬ አልበላም ማለት በሐበሻ ቋንቋ ከዚህ በላይ በምን ይነገራል?

ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመው «ዳዊት፣ ጓንቱን ያቀብልህ በለው» ይለኛል አንዱ። ሌላው «መኪናው ውስጥ ነው በለው» ይላል። እኔ የራስ ቁሩን፣ የእግር መከላከያ ሱሪውን፣ ነዳጁንና መካከለኛውን መጋዝ ተሸክሜ በመካከላቸው እንደ ግንብ ቆሜያለሁ። በዚህ መሀል የደኑ ጠባቂ መጣች። ፀሐይ ያጠቆራት፣ ሸምገል ያለች ፈረንጅ ናት፤ ብዙ ማክሰኞ ሰላም ብላን ታልፋለች።

መጋዙን አየችና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀች። በኩራት ነገርናት። ሳቀች። ከዚያ ወደ ላይ ያለችውን የእንጨት ምልክት በጣቷ አሳየችን። ከምልክቱ ወዲያ ያለው ደን በሕግ የተከለለ ስለሆነ ሞተር የሚባል ነገር አይገባበትም፤ የእሷም ጭምር። በሞተር አይነዳም፣ በሞተር አይቆረጥም። «ለመሆኑ ማንን ጠይቃችሁ ነው የገዛችሁት?» አለች።

 ያልጠየቅነው ማን አለ? የታክሲውን ሰልፍ ጠይቀናል፣ ቤተ ክርስቲያኑን ጠይቀናል፣ መስጊዱን፣ ምግብ ቤቱን፣ የጅማውን መሰንጠቂያ ወራሽ ሳይቀር ጠይቀናል። አማርኛ የሚችል ሰው በሙሉ ተጠይቋል። የተራራውን ጠባቂ ለመጠየቅ ግን ለአንዳችንም ብልጭ አላለልንም።

መጋዙን ወደ መኪናው መለስኩት። ታደሰ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ መሄዱ ነው። አየሁት፤ ሐሙስ ፊቱ ላይ ተጽፏል። ሴትየዋ ግን ከፒክአፗ ኋላ አንድ ረጅም ነገር ጎተተች። የሰው ቁመት የሚያህል መጋዝ ነው፤ ጥርሱ አፍጥጧል፤ በሁለቱም ጫፍ እጀታ አለው። እዚህና እዚያ ሁለት ሰው ይዞ የሚስበው ያ የጥንቱ መጋዝ! እሷም ያንኑ ጥድ ልታስነሣ ነበር የመጣችው፤ የሥራ ባልደረባዋ ቀርቶባታል። «እኔ ላሳያችሁ፤ ሁለት ሰው ስጡኝ» አለች።

ጋሽ መኮንን እንግሊዝኛውን እስክንተረጉምላቸው አልጠበቁም። በትራቸውን አነሡና ሁለት ጊዜ ጠቆሙ። «እሱ። እና እሱ።»

ግንዱ ዘንድ ስንደርስ ሴትየዋ አንድ ሕግ ነገረቻቸው። መሳብ እንጂ መግፋት የለም። አንዱ ሲስብ ሌላው እጁን ላላ አድርጎ ይከተላል፤ ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። የገፋ እንደሆነ መጋዙ ይጎብጥና ይነክሳል። ከድር ለምን ያዳምጣል? ጎተተ፣ ገፋ፣ ጎተተ፣ ገፋ፤ መጋዙ እንደ ቆርቆሮ ተንቋቋና ግንዱ ውስጥ ተሰነቀረ። ታደሰ ወደ እኔ ዞሮ «ዳዊት፣ አትግፋ በለው» አለ። ከድርም ወደ እኔ ዞረና «መጀመሪያ እሱ ይሳብ በለው!» አለ።

«ዳዊት የለም» አሉ ጋሽ መኮንን።

አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«ኧረ እዚህ ነኝ፣ ጋሼ—»

«የለህም አልኩ! ወረደ። ሂድ ከዚህ።»

ምን ላድርግ፤ አንድ ጥድ ኋላ ሄጄ ቆምኩ። በቅርንጫፎቹ መሀል ቀዳዳ አገኘሁና ማየት ቀጠልኩ። ሁለቱ በየተራ መጋዙን ነቀነቁት። የሚያናግሩበት ሰው የለም፤ መጋዙ ደግሞ ለአንድ ሰው አይንቀሳቀስም። መጨረሻ ላይ ታደሰ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ፣ ግንዱን እያየ፣ «ሳብ» አለ። ከድር ሳበ። ጠብቆ፣ «እሺ፣ ሳብ» አለ ከድር። ታደሰ ሳበ። «ሳብ።» «ሳብ።» መጋዙ ነፍስ ዘራ! ሺው፣ ሺው ማለት ጀመረ፤ ሰጋቱራው በሁለቱም ጫማ ላይ ይወርዳል፤ የጥዱ ሽታ ያሰክራል። ሴትየዋ ስንጥቁ እንዳይገጥም ሽብልቅ ትመታበታለች። ከድር ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ «ደከመህ እንዴ?» ይለዋል ታደሰ፤ «አንተ ካልደከመህ እኔ ምን ሆኜ!» ይላል ከድር። ግንዱ ጓ ብሎ ሲበጠስ መደበቄን ረስቼ ከጥዱ ኋላ እየጮህኩ ወጣሁ። ሁለተኛውን ቦታ ሲቆርጡማ እየሳቁ ነበር። የተቆረጠውን ግንድ አራታችንም በእግር ገፍተን ከመንገዱ አወጣነው፤ ጋሽ መኮንን በበትራቸው ገፉ፤ ቆጥረንላቸዋል።

ምሳ ሰዓት ሁለቱ የሥጋ ዕቃቸውን ይዘው ተፋጠጡ። ማን ለማን ያጉርስ? ጋሽ መኮንን ያለ ወሬ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ቱና በዳቦ ለሁላችንም፣ ለሴትየዋም ጭምር። ቃሪያው ሴትየዋን እንባ በእንባ አደረጋት። ሥጋው ሳይከፈት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ ጋሽ መኮንን ተነሡና በተከፈተው መሀል አለፉ። እግራቸውን ከፍ ማድረግ አላስፈለጋቸውም። እንዲያው በቀጥታ፣ ሰው በገዛ በሩ እንደሚገባ። እኛም ተከተልን። የመንገዱን ጥምዝ እንደዞርን ግን ቆሙ። ሌላ ጥድ ተጋድሟል፤ ከመጀመሪያው የሚበልጥ።

ሴትየዋ ሰዓቷን አየች። «ዛሬ አይደርስም» አለች፤ «በሚመጣው ማክሰኞ ትችላላችሁ?» ሦስታችንም ወደ ታደሰ ዞርን። እሱ እጁ ላይ ውኃ የቋጠረውን ቁስል እያሻሸ፣ «ማክሰኞ አይደለም እንዴ ኦፋችን?» አለ። በሕይወቴ የወደቀ ዛፍ እንደዚያ አስደስቶኝ አያውቅም።

«ግን መጋዙ ትንሽ ረዘም ያለ ቢሆን...» ብሎ ጀመረ ከድር። ጋሽ መኮንን በትራቸውን አነሡ። 

መካከለኛው መጋዝ ሞተሩ እስከ ዛሬ አልተነሣም፤ ስፕሪንግ ቫሊ፣ አፓርታማዬ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ሳያነሣው አይሄድም። አንዱ «ከብዷል፣ ቀለል ያለውን ነበር» ይላል፤ ሌላው «አንሷል፣ ትልቁን ነበር» ይላል፤ ዓይናቸው ይበራል፤ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ና እንሞክረው ይሉኛል፤ ማክሰኞ ኦፍ አይደለህ?

ማክሰኞ ሥራ አለብኝ እላቸዋለሁ።