ፍሬውን ብቻ

መጠጥ የማይነካ ሰው ሰክሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ማቴዎስ ይባላል፤ የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ ነው። ጴንጤ ስለሆነ አይጠጣም። በግምገማ ላይም "አስተያየት የለኝም" ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም።

አምና የአዋሳ ሙቀት የጠና ጊዜ፣ አለቃችን ታቦር ተራራ ሥር ያለው ቤታቸው ጋበዙን። አናናስና ማንጎ ቆራርጠው ወይን ጠጅ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳድረዋል። "ፓንች ይባላል፤ ቅመሱ" አሉን።

ማቴዎስ ብርጭቆውን መለሰ። "ጋሼ፣ እኔ አልጠጣም፤ ፍሬውን ብቻ ይስጡኝ።"

ፍሬ ምን ኃጢአት አለው? አንድ ሳህን ሙሉ በላ፤ አስደገመ።

ከዚያ ብድግ ብሎ "አስተያየት አለኝ" አለ። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ እስክትጠልቅ አለቃችንን ገመገማቸው።

ዘንድሮም ጠርተውን ነበር። ለእኛ ፓንቹን ቀዱልን። ለማቴዎስ ግን በገዛ እጃቸው ሙዝ ልጠው ሰጡት።