ኮቱ አለ

«ኃላፊው አለ እያልኩዎት እኮ ነው፣ አባባ! ኮቱ ወንበሩ ላይ አይታይዎትም?» አለች ጸሐፊያችን።

«እንግዲያ ኮቱ ማኅተሙን ይምታልኛ!» አሉ ከጎረቤላ የመጡት ሽማግሌ። ልጃቸው ነገ በነጻ የምትታከምበት ደብዳቤ ሳይታተም፣ የመጨረሻው መኪና ሊሄድባቸው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ኮቱን ጥሎ የሚወጣ ሰው አለ ቢሉዎት ያምናሉ? ኃላፊያችንም ያለ ኮት አይወጣም፤ ሁለት ገዝቷል። አንዱ ቢሮ ተሰቅሎ ይውላል፣ ሌላው የቤቱን ግንበኞች ይቆጣጠራል።

እኔማ ከመቀመጫዬ ንቅንቅ አላልኩም። በመስኮት የገባው ጉም ቀስ አድርጎ ወደ አንኮበር ገደል ወስዶኝ፣ ግጥም ስለቅም ነበር።

«ደውልለት ብዬ ሦስቴ ለመንኩህ» አሉኝ ሽማግሌው፣ ጠረጴዛዬን እያንኳኩ። «አሁን መኪናውም ሄደ። እሱ ኮቱን ትቶ ጠፋ፣ አንተ ደግሞ ገላህን።»

ስልኩን አንስቼ ቀና ስል ወጥተዋል፤ በሩም ተዘጋ።