ክብርት ወይዘሮ ፒምና ያልነበረው መስኮት

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ በየባላባቱ አሮጌ ቤት፣ ቤቱን ከባለቤቶቹ አስበልጣ የምታውቅ አንዲት ሴት አትጠፋም። ደሞዝ የላትም፤ በፈቃዷ ነው የምታስጎበኘው። እኔ ወለል በምወለውልበት በሃርስኮም ቤት እኚህ ሴት ክብርት ወይዘሮ ኦገስታ ፒም ይባላሉ።

በየወንበሩ ላይ የደረቀ እሾህ እናስቀምጣለን፣ ጎብኚ እንዳይቀመጥበት። እሾሁን ሊያነሳ የሞከረ አለቀለት።

«ጌታው፣ ለጌጥ መሰለዎት? ይሄ ወንበር ሦስት ንጉሥ ቀብሯል፤ እርስዎን ግን አይችልም!» ይሉታል ወይዘሮ ፒም።

ሰውዬው እንደቆመ አንድ ሰዓት ይማራል። ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጉና «ፊቱ ድንጋይ፣ ሆዱ እንጨት! የድሮው ጌታ ልጅ የአባቱ የእንጨት ቤት ቢያሳፍረው የድንጋይ ካፖርት ደረበለት» ይላሉ። እኔም፣ ባይመለከተኝም፣ እዚያው አካባቢ እወለውላለሁ።

ከሁሉ የሚወዱት በፊት ለፊት ያለውን በድንጋይ የተደፈነ መስኮት ነበር። «ድሮ በመስኮት ቁጥር ግብር ነበር፤ ስስታሙ ጌታ ደፈነው!» አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አሉ።

ዘንድሮ አንድ የሕንፃ አዋቂ መጥቶ «ይሄ መስኮት ሆኖ አያውቅም» አለ። የቤቱ ኃላፊ አቶ ራልስተን ይህን ይዘው «እንግዲህ በየክፍሉ ጽሑፍ እንሰቅላለን። እርስዎ በር ላይ ትኬት ይቆርጣሉ» አሏቸው።

ወይዘሮ ፒም ወደ እኔ ዞሩ። «ዊልፍ፣ መሰላል!»

በሰባ ስምንት ዓመታቸው ወጡ። እኔ መሰላሉን ይዤ እጸልያለሁ። ድንጋዩን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከግድግዳው ጋር ተጠላልፎ አብሮ የተሠራ ነው፤ ኋላ የተደፈነ ቢሆን ዳር ዳሩን መጋጠሚያው ይታይ ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። እንባ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «ታዲያ ሰው ለምን የውሸት መስኮት ይሠራል? እስቲ መስኮቶቹን ቁጠር!» አሉኝ።

ቆጠርኩ። ከበሩ ግራ አምስት፤ ቀኝ አራትና ይሄ ውሸታም።

«አየህ! ከጀርባው ጭስ ማውጫ ስላለ መስኮት መክፈት አይቻልም። የቤቱ ፊት ግን እንዳይንሻፈፍ አስመስለው ሠሩት!» ከመሰላሉ ሊወድቁ ነበር፣ በደስታ።

በማግስቱ በሠራተኞች ስብሰባ ስሕተታቸውን ራሳቸው ተናገሩ።

«እንግዲያው ጽሑፉ ይሰቀላል» አሉ አቶ ራልስተን። «የሚቃወም አለ?»

እጄ ተነሣ። በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም።

«ጌታዬ... ማንበብ የሚከብደን ሰዎችስ? እኔ... እኔ ይህን ቤት ያወቅሁት ከእሳቸው አፍ ነው።»

አቶ ራልስተን «ጽሑፉም ይሰቀል፤ ወይዘሮ ፒምም ባሉበት ይቆዩ» አሉ።

ወይዘሮ ፒም አላመሰገኑኝም። ክንዴን ያዙና «ለመሆኑ የምድር ቤቱን ታሪክ ነግሬህ አውቃለሁ?» አሉኝ።

አራት ጊዜ ነግረውኛል።

«ኧረ በጭራሽ» አልኳቸው።