ማህተም ፍለጋ ከሰኞ እስከ ሰኞ

ሰው ሥራ ሲያገኝ እንኳን ደስ አለህ ይባላል አይደል? የመጨረሻዋ ልጃችን መሠረት፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በነርስነት ተቀጠረች ሲባል እኔም ብዬ ነበር። ቸኩያለሁ። መቀጠር ማለት ለካ የዋስትና ወረቀት አረጋግጦ ማምጣት ኖሯል። ክሊኒኩ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት የተረጋገጠ ዋስትና አምጪ፣ ካላመጣሽ ተጠባባቂዋን እንጠራለን አላት። ልጅቷ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ የኖረች ናት። ተያዡ እኔ አባቷ፣ የሚጎድለው አንድ ማህተም፣ ቀኑ ገና ሰኞ። አምስት ቀንማ ይተርፈኛል ብዬ ተዝናናሁ። እንዲህ የሚያስብ ሰው እኮ ነው ሠላሳ ዓመት ሙሉ መምህር ተብሎ የሰው ልጅ የሚያስተምረው!

የቢሮውን ስም አልጠራም። ከሆሳዕና እስከ ሙዱላ ካሉት ከተሞች በአንዱ አለ በሉት። ፈርተህ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ፈርቼ ነው። ነገም ጉዳይ ይኖረኛላ!

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ጥበቃው ከካርቶን የተቀደደች ቁራጭ ሰጠኝ፣ አርባ አንድ ይላል። ግድግዳው ላይ ቅሬታ ያለው ደንበኛ ቢሮ ቁጥር ሰባት ይግባ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰባት ቁጥር ላይ ደግሞ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ከሰዓት በኋላ ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት ስልኩን ሳያስቀምጥ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የት አለ አለኝ። የለኝም አልኩ። ይዘህ ና አለኝ። ይቺን ከቅሬታው አጠገብ ጽፎ ቢለጥፋት ስንት ሰው በተገላገለ? ግን የተለጠፈ ነገር ማን ይፈራል? የሚፈራው ቀና ብሎ "ይዘህ ና" የሚል ሰው ነው።

ማክሰኞ ደብዳቤዬን ይዤ ከች አልኩ። የደብዳቤው ቁጥር የለም ተባልኩ። ትምህርት ቤት ሮጬ ቁጥር አስጻፍኩ። ስመለስ የዋስትና ውሉ ራሱ ልክ አይደለም ተባለ። ውሉን የጻፈችልኝ ከበሩ ፊት ለፊት ኮምፒውተር ዘርግታ የምትጽፍ ሴት ናት፣ ለሁሉም ጉዳይ አንዱኑ ወረቀት ስሙን እየቀየረች ነው የምታትመው። ከእኔ በፊት የመኪና ሽያጭ ጽፋ ኖሯል። ለካ እኔ የፈረምኩት መሠረት የተባለችውን ልጄን ከነሻንሲ ቁጥሯ በጥሩ ይዞታ ላይ እንዳለች ላስረክብ ነው። ሴትዮዋን ስወቅሳት፣ መምህር ሆነህ ሳታነብ ትፈርማለህ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። ልክ ናት።

ረቡዕ መስኮቱ ተዘግቷል። ሠራተኞቹ በሙሉ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስለ ምንድን ነው ብዬ ጥበቃውን ጠየቅኩት። የአገልግሎት አሰጣጥን ስለማቀላጠፍ ነው አለኝ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። ከመቶ የማያንስ ሰው ደጅ ላይ ፀሐይ እየመታው፣ እነሱ ውስጥ ሆነው እንዴት እናፍጥነው ብለው አሥር ሰዓት ድረስ ተወያዩ። ሐሙስ ደግሞ መብራት የለም። ማህተም በመብራት ነው እንዴ የሚመታው? ብዬ ብጮህ ማን ሊሰማኝ!

ዓርብ ባለቤቴን ይዣት ሄድኩ፤ የትዳር ጓደኛ ካልተስማማች ዋስትናው አይጸድቅም። ይሄ እንኳ ደንብ ነው፣ አልጠላውም። አሁን ስለ ባለቤቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአንጋጫ ልጅ ናት። በእኛ በከምባታዎች ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ ባሊሻ ይባላል፣ የአክብሮት ነገር ነው። ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል እንኳ ቢመጣባት ዞር ብላ በሌላ ቃል ትናገራለች። የዛሬ ሙሽሮች እየተዉት ነው። የእኔዋ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር የአባቴ ስም አንድ ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ እንኳ የአያታቸውን ስም ወረቀቱ ላይ ለመዝጋቢው በጣቷ ታሳይ ነበር። አባቴ አሁንም በሕይወት አለ፣ አንጋጫ እንሰቱን ይኮተኩታል። ስሙን እዚህም አልጽፈውም፣ ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የምታነበው እሷ ናት።

ወጣቱ መታወቂያዋን አገላብጦ፣ "ማዘር፣ የባለቤትዎ ሙሉ ስም ማን ይባላል?" አላት።

የእኔን ስም ነገረችው።

"ከነአባቱ።"

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል ልጄ አለችው። ተጽፎ አይቻለሁ፣ ከአፍዎ ነው የምፈልገው አላት። እኔ ልናገር ስል፣ ፋዘር ዝም ይበሉ፣ ማጣራቱን እያበላሹብኝ ነው አለኝ። ከኋላችን የቆሙ አንዲት አሮጊት ነገሩን አስረዱት። መመሪያው ላይ የለም አለ። የሚያናድደው አነጋገሩ ላይ የእኛው አገር ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። አላስችል ብሎኝ፣ የአንተ እናት የአያትህን ስም ትጠራለች ወይ አልኩት። ቀላ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እናቴ እዚህ ቢሮ ጉዳይ የላትም።" አያይዞም የአማቷን ስም የማታውቅ ሚስት አይቼ አላውቅም፣ ትክክለኛዋ ስለመሆኗ እጠራጠራለሁ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ዓርብ ነው፣ የምሳ ሰዓት።

አስቡት እስቲ። ስሙን የምታከብረው ሚስት ሐሰተኛ ተባለች። መንገድ ላይ አንዷን ለምኜ ይዤ ብመጣ እኮ ስሙን እንደ ወፍ ትለፈልፍለት ነበር!

ሰባት ተኩል ላይ መመለስ የነበረበት ሰውዬ ስምንት ከአርባ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። መሠረት ሦስት ጊዜ ደወለች። በሦስተኛው ድምፅዋ ተለውጦ ነበር፣ ልጅቷ ማልቀስ ጀምራለች፤ ስልኩን ለእናቷ አቀበልኳት። ባለቤቴ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና ተነሳች። መስኮቱ ጋ ሄደች። አንገቷን ደፍታ ስሙን ተናገረች።

"አልሰማሁም ማዘር፣ ይድገሙት።"

ደገመችው። አሁን ሰልፈኛው ሁሉ ሰማ። እንባዋ ነጠላዋ ላይ ወረደ። መስታወቱን በቡጢ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር፣ እውነቴን ነው። ያ ልጅ ደግሞ የሰማውን አልጻፈውም እኮ! በእስክሪብቶ አንዲት ምልክት አደረገና፣ በቃ ጨርሳችኋል፣ ማህተሙን የሚይዘው ሰው ግን ለቅሶ ሄዷል፣ ሰኞ ኑ አለን።

ቅዳሜ ባለቤቴ ብቻዬን ነው የምሄደው ብላ አንጋጫ ወረደች። አባቴ እግር ላይ ወድቃ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሽማግሌው እጇን ይዞ አነሳት አሉ። ቀጥሎ ማህተሙን መቱልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አልመቱልኝም አለችው። "እንግዲያው ስሜ አይሠራም ማለት ነው፣ ሁለተኛ አትድከሚበት" ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ለመሳቅ አልቻለችም። ቤት ስትመለስም ያው ናት።

ሰኞ ማህተሙ ተመታ። ስንት ጊዜ ፈጀ? ጧ! ይኼው ነው። ከመሠረት ጋር ወደ ክሊኒኩ በባጃጅ በረርን። የሰው ኃይል አስተዳደሯ ወይዘሮ ወረቀቱን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። ቀኑ እኮ አለፈ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተጠባባቂዋን ጠርተናታል አለችን። መሠረት ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ይህን ፊት ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ፣ ሰሌዳ አንብባ ስትመለስ የምታመጣው ፊት ነው። ወይዘሮዋ ስታያት አሳዘነቻት መሰለኝ ስልኳን አንስታ ደወለች። ተጠባባቂዋ የት ብትሆን ጥሩ ነው? ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቢሮ፣ ዋስትና ለማረጋገጥ ሰልፍ ላይ! ለረቡዕ ተመለሺ ብለዋታል። እስከ ረቡዕ በሽተኛ አይጠብቀኝም ብላ ወይዘሮዋ የመሠረትን ወረቀት ፋይል ውስጥ ከተተችው።

ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ስረግም የከረምኩት ሰውዬ በዚያች ደቂቃ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ተመስገን፣ አሁንም እዚያው ያቆይልኝ አልኩ። ዛሬ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት የሚያወራ ሰው ስሰማ ወሬ አስቀይራለሁ። ያቺን ልጅ አንድ ትጉህ ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት ቢያስተናግዳት ኖሮ የእኔዋ ተመልሳ ሰሌዳ ስር ነበረች።

ቤት ገብተን ምሳ ስንበላ ይህን ለባለቤቴ እየሳቅኩ ነገርኳት። አልሳቀችም። ቆጮውን እየቆረሰች፣ ያቺ ልጅስ እናት አላት ወይ አለችኝ። እኔ ምን አውቄ አልኳት። እሷንም ይሄኔ መስኮት ላይ አቁመዋት ይሆናል አለች።

"ምነው፣ ልጅሽ ሥራ ገባች እኮ! ደስ አላለሽም?"

"ብሎኛል እንጂ" አለችኝ። "የሚያናድደኝም እሱ ነው።"